ውሎን የፈቀደች፣ አዳርን የነፈገች ከተማ

አዲስ አበባና ጆሃንስበርግ እኩያ ናቸው። እቴጌ ጣይቱ ፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ለአዲሱ ሰፈር ስም ባወጡበት በ1879 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን 1886፣ በአህጉራችን ደቡብ ዊትዋተርስራንድ በሚባለው ከፍታ ላይ ወርቅ መገኘቱ ተሰምቶ ድንኳን በድንኳን ላይ ይተከል ነበር። አንዷ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ሰፈር ዙሪያ፣ ሌላዋ በጉድጓድና በባንክ ዙሪያ አደጉ። ዛሬ ሁለቱም ሰማይ የሚነካ ሕንፃ አላቸው፤ ሁለቱም በዚያ ሕንፃ ጥላ ሥር ማደሪያ የሌለው ሕዝብ አላቸው። የደቡብ አፍሪካንና የሌሎች አገሮችን ታሪክ ስናነሳ የምንጠቅሰው ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የእኛን ስናነሳ ደግሞ በእኛው ነው።

ባዶ የቀረ የቢሮ ሕንፃን ወደ ርካሽ መኖሪያ መለወጥ በብዙ ታዳጊ አገሮች ከተሞች እንደ አዲስ ሐሳብ እየተነሳ ነው። ጆሃንስበርግ ግን ይህን መንገድ ከጀመረችው ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኗታል። የተሳካላት አለ፣ የከሸፈባት አለ፣ በእሳት የተበላባትም አለ። የእርሷን መንገድ ከመነሻው ጀምሮ የተከተለ ሰው ጉዳዩ ከቧንቧና ከግድግዳ በፊት የጀመረ መሆኑን ይረዳል። በከተማዋ እምብርት የመሥራት መብት ያለው ማን ነው? የማደር መብትስ? ጆሃንስበርግ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከተወለደችበት ቀን አንሥቶ ሁለት የተለያዩ መልሶች ስትሰጥ ኖራለች።

የማዕድን ኩባንያዎቹ ሠራተኛ ይፈልጉ ነበር፤ የሠራተኛውን ቤተሰብ ግን አይፈልጉም። ስለዚህ ወንዶች ብቻ የሚያድሩበትን የታጠረ ግቢ ሠሩ። ሰውየው በደረቅ መደብ ላይ ከብዙ ጓደኞቹ ጋር ተደርድሮ ያድራል፤ ውሉ ሲያልቅ ወደ ገጠሩ ይመለሳል። ይህ አሠራር በኋላ የመንግሥት ፖሊሲ ሆነ። በ1922 የስታላርድ ኮሚሽን ጥቁር ሰው ወደ ከተማ የሚገባው ነጩን ለማገልገል እንደሆነ፣ አገልግሎቱ ሲያበቃም ሊወጣ እንደሚገባው መከረ፤ በዓመቱ የወጣው የከተማ አካባቢዎች ሕግ ይህንኑ ምክር ሥጋ አለበሰው። በ1952 በተሻሻለው ሕግ መሠረት፣ ልዩ መብት የሌለው ጥቁር ሰው ያለ ፈቃድ ከ72 ሰዓት በላይ ከተማ ውስጥ መቆየት አይችልም ነበር። በ1955 ደግሞ ሕጉ ወደ ፎቆቹ ጣሪያ ወጣ። በነጮች አፓርታማ አናት ላይ ባሉ የሠራተኛ ክፍሎች የሚያድሩት ጥቁሮች በዝተዋል የሚል ቅሬታ ተነስቶ፣ በአንድ ሕንፃ ከአምስት በላይ እንዳያድሩ ተወሰነ። ምግብ የምታበስለው፣ ወለል የሚያጥበው፣ ሊፍት የሚያንቀሳቅሰው ቀን ሙሉ በሕንፃው ውስጥ ይፈለጋል፤ ሲመሽ ግን ስድስተኛው ሰው ወንጀለኛ ነው። በዚያው ዓመት በየካቲት ጥቁሮች ይኖሩባት የነበረችው የሶፊያታውን ሰፈር ነዋሪዎች ከነጓዛቸው በጭነት መኪና እየተጫኑ የዛሬው ሶዌቶ ክፍል ወደሆነው ሜዶውላንድስ መወሰድ ጀመሩ።

ይህ ሁሉ ሕግ የሚፈጸምበት ጽሕፈት ቤት ያስፈልገው ነበር። በ1954 በማርሻልታውን ሰፈር፣ በአልበርት መንገድ ቁጥር 80፣ አምስት ፎቅ ያለው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ተሠራ። የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው እዚያ ነበር። ሰው ተሰልፎ ይውላል፤ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ጸሐፊ ማኅተም ከመታለት በከተማው ሠርቶ ይኖራል፣ ካልመታለት በ72 ሰዓት ውስጥ ይወጣል። የሰው ውሎና አዳር የሚወሰነው በዚያ ጠረጴዛ ነበር። ይህን አድራሻ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ታሪኩ ተመልሶ ይመጣበታል።

ሕዝቡ ግን እንቢ ማለቱን አልተወም። በነሐሴ 1956 ወደ 20,000 የሚጠጉ ሴቶች የይለፍ ወረቀትን ተቃውመው በፕሪቶሪያ የመንግሥት ሕንፃዎች ፊት ተሰለፉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ እንቢታው ቁልፍ ይዞ መጣ። ከመሀል ከተማው አጠገብ ባለው በሂልብሮው ሰፈር የነጮች አፓርታማዎች ባዶ እየሆኑ ሲሄዱ፣ በየከተማው ዳር ቤት ያጡ ሕንዶች፣ ክልሶችና ጥቁሮች ተከራይተው ገቡ። ኪራዩ ሕገ ወጥ ስለነበር አከራዩ የፈለገውን ያህል ይጨምራል፤ ተከራዩ ሊከስሰው አይችልም። ውኃው ቢቋረጥ፣ ሊፍቱ ቢቆም ለማን አቤት ይላል? የብዙ ሕንፃዎች መጎዳት የጀመረው ያኔ ነው፣ ድሆች ስለገቡባቸው ሳይሆን የገቡበት በር ከሕግ ውጭ ስለነበረ። እነዚህ ሁለት ምክንያቶች እስከ ዛሬ እየተምታቱ ብዙ መጥፎ ውሳኔ አስወስነዋል።

በ1982 ጎቬንደር የተባለች ሴት ለሌላ ዘር በተከለለ ሰፈር በመኖሯ ተከስሳ ጉዳዩ በይግባኝ ለዳኛ ሪቻርድ ጎልድስቶን ቀረበ። ዳኛው ሕጉን መሻር አልቻሉም። ነገር ግን ሰውን ከቤቱ ለማስወጣት የጥፋተኝነት ፍርድ ብቻ አይበቃም፤ ወዴት እንደሚሄድ፣ ተለዋጭ መጠለያ መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት አሉ። በዚያች ውሳኔ የተነሳ ከነጮች ሰፈር የማስወጣቱ ዘመቻ ተገታ። አፓርታይድ በቁመናው ሳለ የተሰጠ ይህ ፍርድ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በነጻይቱ ደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤቶች እንደገና መነሳት ማስፈለጉ ብዙ ይናገራል።

በ1991 ሰፈርን በዘር የሚከፋፍለው ሕግ ተሻረ፤ በ1994 ሁሉም እኩል መረጠ። በሩ ሲከፈት ግን ገንዘቡ በሌላ በር ወጣ። ኩባንያዎች ከመሀል ከተማ ወደ ሰሜናዊው ሳንድተን ተሰደዱ። በ1973 በተጠናቀቀውና ለዐሥርት ዓመታት የአፍሪካ ረጅሙ ሕንፃ በነበረው ባለ 50 ፎቁ ካርልተን ማዕከል አጠገብ ያለው ዝነኛ ሆቴል በ1990ዎቹ መጨረሻ ተዘግቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ክፍሎቹ ባዶ ቀሩ። በ2000 የአክሲዮን ገበያው ራሱ ወደ ሳንድተን ሄደ። ከኋላ የቀረው ጨለማ መስኮት ያለው ረድፍ ረድፍ ሕንፃ ነበር። የአንዳንዱ ባለቤት የማዘጋጃ ቤት ዕዳውን መክፈል አቁሞ ጠፋ። ባለቤት በሌለበት በር ላይ ሌላ ሰው ይቆማል፤ ኪራይ ይሰበስባል፤ ውኃና መብራት ቢቆረጥም መሰብሰቡን አይተውም። ባዶ ሕንፃ የሚባል ነገር በድሃ ከተማ ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው። ሰው መግባቱ አይቀርም። የሚለያየው በምን በር እንደሚገባ ብቻ ነው።

የእኛም ልጆች ከገቡት መካከል ናቸው። በጄፒ መንገድ ላይ የሐኪሞች ክሊኒክና ቢሮ የነበሩ ሕንፃዎች ሐኪሞቹ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ባዶ ቀሩ። ከሀዲያ፣ ከከምባታ፣ ከአዲስ አበባና ከሌላም አካባቢ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች እነ ሜዲካል አርትስን የመሰሉትን ሕንፃዎች ክፍል በክፍል ተከራይተው ሱቅ አደረጓቸው። በሽተኛ ወረፋ ይጠብቅበት የነበረው ኮሪደር በጫማ፣ በብርድ ልብስና በመጋረጃ ተሞላ። አንድ የምርመራ ክፍል በግርግዳ ተሸንሽኖ ለብዙ ነጋዴ ይበቃ ጀመር፤ በርበሬና እጣን፣ ጀበናና እንጀራም ተከትለው መጡ። ከታች የጅምላ ንግድ፣ ከላይ ምግብ ቤት፤ እቃው ሎኬሽን ወደሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች ይጫናል። የመንገዱ ስም ዛሬ ራሂማ ሙሳ ነው፣ ያንን የ1956ቱን የሴቶች ሰልፍ ከመሩት አንዷ። የይለፍ ወረቀትን በተቃወመች ሴት ስም በተጠራ መንገድ ላይ፣ የመኖሪያ ወረቀት የሚያስጨንቃቸው ወገኖቻችን ሕንፃን ለሌላ አገልግሎት የማዋልን ጥበብ ማንም ሳያስተምራቸው ሠሩት። የከተማ ጥናት ሰዎች ሊያጠኑት ወደዚያ የመጡት በኋላ ነው።

በሕግ በር የገቡም አሉ። በ1995 የተቋቋመው የጆሃንስበርግ ቤቶች ኩባንያ ትርፍ የማይከፋፈል ድርጅት ሆኖ በመሀል ከተማ አሮጌ ሕንፃ እያደሰ፣ አዲስም እየሠራ ማከራየት ጀመረ። በዓመቱ አፍኮ የተባለው የግል ኩባንያ ተከተለ። በ2003 ባንኮች ለሸሹት መሀል ከተማ የሚያበድር ቱፍ የተባለ የገንዘብ ተቋም ተመሠረተ፤ በዚያው ሰሞን መንግሥት በመሀል ከተማ ሕንፃ ለሚያድስ ባለሀብት የታክስ ቅናሽ ሰጠ። ከተማዋም የራሷን የቤቶች ኩባንያ በ2004 አቋቋመች። አበዳሪ፣ የታክስ ሕግና የሚያስተዳድር ድርጅት አንድ ላይ ሲገኙ ብዙ ሺህ ቤተሰብ ከሥራው አጠገብ አደረ።

ሥራው ግን ከውጭ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። ቢሮ ሲሠራ መጸዳጃ ቤቱ በየፎቁ አንድ ቦታ፣ ከሊፍቱ አጠገብ ይሰበሰባል። በአንድ ወለል ላይ ስምንት ወይም ዐሥር ቤት ማውጣት የፈለገ ሰው ለየቤቱ ንጹሕ ውኃና የፍሳሽ መስመር ማድረስ አለበት፤ ሶሌታው ይበሳል፣ ፍሳሹ እንዲወርድ የመታጠቢያው ወለል ከፍ ይላል። የመብራት ቆጣሪው ለሕንፃው አንድ ብቻ ነበር፤ አሁን ለየቤቱ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ይገባል። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው መስኮት ነው። በ1930ዎቹና በ1950ዎቹ የተሠሩት አሮጌ ቢሮዎች ወለላቸው ጠባብ፣ መስኮታቸው የሚከፈት ስለሆነ በቀላሉ ቤት ይሆናሉ። ከ1970ዎቹ ወዲህ የመጡት፣ በአየር ማቀዝቀዣ ተማምነው በመስታወት የታሸጉት ሰፋፊ ሕንፃዎች ግን ከመሀላቸው ብርሃን የማይደርስበት ጨለማ አለ፤ እዚያ ልጅ አሳድጉ ማለት አይቻልም። መሀሉን ለመተላለፊያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለዕቃ ቤት መስጠት፣ ወይም ከላይ እስከ ታች ቀዶ ብርሃን ማውረድ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ገንዘብ ነው። ደረጃውም ሌላ ነገር ነው። የቢሮ ሰው በአደጋ ጊዜ ንቁ ነው፤ ሲመሽም ሕንፃው ባዶ ነው። በመኖሪያ ቤት ግን ሰው ይተኛል፣ ሽማግሌና ሕፃን አለ፣ በየቤቱ ምድጃ ይነዳል። ሁለተኛ ደረጃ የሌለው ሕንፃ ለቢሮ ቢያገለግል እንኳ ለማደሪያ ወጥመድ ነው።

ሕንፃውን ለውጦ ማስረከብም መጨረሻው አይደለም። በ1990ዎቹ ሰባት ሕንፃዎች የተባለ ፕሮጀክት ነበር። ተከራዮቹ ራሳቸው በመንግሥት ድጎማ ሕንፃዎቹን በጋራ ያዙ፤ እንዴት ያለ ተስፋ ነበር! ግን ኪራይ መሰብሰብ፣ የማዘጋጃ ቤት ዕዳ መክፈል፣ ጠብ ማብረድ፣ የተሰበረ ፓምፕ መቀየር የዕለት ተዕለት ሥራ ነው፤ ያ ሥራ ባለቤት አጥቶ ውጥኑ ፈረሰ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ፤ ኪራይም ተቀነሰ። በአንድ የባለጸጋ ግቢ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ገባ። ለብዙ ድሃ በከተማው መሀል የማደር መብት ያረጋገጠ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ዛሬም አራዳና ቂርቆስ ተወልደን ካደግነው ብዙዎቻችን የዚያ አዋጅ ወራሾች ነን። ነገር ግን የሚሰበሰበው ኪራይ ቆርቆሮ እንኳ የሚያስቀይር አልነበረም። አርባ ዓመት ያልታደሰ ቤት ጎስቁሎ፣ መጎስቆሉም በተራው ለመፍረሱ ምክንያት ሆነ። ጆሃንስበርግና እኛ በተለያየ ርዕዮት ተጉዘን እዚያው ስህተት ላይ ተገናኘን። ቤቱን መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ቤቱ እንዲቆይ በየወሩ ገንዘብ የሚገባበትን መላ ማበጀት ሌላ ነው።

በጆሃንስበርግ የተሳካው ሥራም የማይደርስበት ወለል አለ። የታደሰው ቤት ኪራይ ለነርሷ፣ ለጥበቃ ሠራተኛው፣ ለሱቅ ሠራተኛዋ ይሆናል። ቆሻሻ እየለቀመ የሚሸጠው፣ መንገድ ዳር ከረሜላ የሚቸረችረው ሰው የደመወዝ ወረቀት ስለሌለው ውል አይዋዋልም። እርሱ ወደ ተረሳው ሕንፃ ይገባል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ወይም ባለሀብቱ ሲያስወጣው ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። የ1996ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ማንም ሰው ፍርድ ቤት ሁኔታውን ሁሉ ሳይመረምር ከቤቱ እንዳይወጣ ይከለክላል። በ2008 በኦሊቪያ መንገድ ጉዳይ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ማዘጋጃ ቤቱ ሰዎችን ከማስወጣቱ በፊት በቅንነት ሊያነጋግራቸው ይገባል አለ። በታኅሣሥ 2011 ደግሞ በሳራቶጋ ጎዳና የቀድሞ የምንጣፍ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ይኖሩ ስለነበሩ 86 ሰዎች ሲወስን፣ የሚያስወጣቸው የግል ባለሀብት ቢሆንም ከተማዋ ጊዜያዊ መጠለያ የመስጠት ግዴታ አለባት አለ። ተለዋጭ መጠለያ የሚለው የ1982ቱ ሐሳብ እንዲህ ሆኖ ተመለሰ።

ከተማዋ ለእነዚያው ሰዎች ኤኩቱሌኒ በተባለ መጠለያ ቦታ ሰጠቻቸው። የመጠለያው ደንብ እንዲህ ይል ነበር፦ ነዋሪው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይወጣል፤ እስከ 11 ሰዓት ተኩል አይመለስም፤ ማታ በሩ ይቆለፋል፤ ወንዶች ለብቻ፣ ሴቶች ለብቻ ያድራሉ። ባልና ሚስት ተለያዩ። ሌሊት ሥራ ላይ የሚያድር ሰው ቀን የሚተኛበት አጣ። ያንን ደንብ የጻፈው ሰው በክፋት አልጻፈው ይሆናል። ግን የማዕድኑ ግቢ ሥርዓት ከመቶ ዓመት በኋላ በነጻ በተመረጠ ማዘጋጃ ቤት ማኅደር ውስጥ ሲገኝ ያስደነግጣል፤ ሕጉ ቢሻር እንኳ ከተማ ድሃውን የምታይበት ዐይን ቶሎ አይለወጥም። በታኅሣሥ 2017 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ደንቡ የሰውን ክብርና ነጻነት ይጥሳል ብሎ ሻረው።

አሁን ወደ አልበርት መንገድ ቁጥር 80 እንመለስ። የይለፍ ወረቀቱ ቢሮ ከተዘጋ በኋላ ሕንፃው ኡሲንዲሶ በሚል ስም የሴቶች መጠለያ ሆኖ ያገለግል ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ባለቤትነቱን እንደያዘ መቆጣጠሩን ተወ፤ በርካታ መቶ ሰው ገባበት። የቢሮው ወለል በጣውላና በጨርቅ ተሸንሽኖ ክፍል ሆነ፤ መብራቱ በሻማና በዘፈቀደ በተቀጠለ ሽቦ፣ መውጫውም የተቆለፈ ነበር። በነሐሴ 31 ቀን 2023 ከእኩለ ሌሊት በኋላ እሳት ተነሳ፤ 76 ሰዎች አለቁ፣ ሕፃናትም ከእነርሱ ጋር። ከሟቾቹ መካከል ከሌላ አፍሪካ አገር የመጡ ነበሩ። በዳኛ ሲሲ ካምፔፔ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን በ2024 ባቀረበው ሪፖርት ለጥፋቱ ከተማዋንና የንብረት ኩባንያዋን ተጠያቂ አደረገ፤ ሕንፃውም እንዲፈርስ መከረ። እሳቱን የለኮሰ ሰው ተገኘ ተብሎ ሲወራ ብዙዎች ጉዳዩ ያለቀ መሰላቸው። ለእኔ ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ በመንግሥት እጅ ያለ የቢሮ ሕንፃ ለማደሪያ ሲውል ኃላፊዎቹ እያዩ ደረጃና ውኃ ሳያበጁለት ዓመታት ማለፋቸው።

ይህ የጆሃንስበርግ ብቻ አይደለም። በግንቦት 1 ቀን 2018 በሳኦ ፓውሎ የብራዚል ፌደራል ፖሊስ መሥሪያ ቤት የነበረ ባለ 24 ፎቅ ሕንፃ፣ ቤት አልባዎች እየኖሩበት ሳለ፣ በእሳት ተያይዞ ብዙም ሳይቆይ ተደረመሰ። በካራካስም ሳይጠናቀቅ የቀረ ባለ 45 ፎቅ የባንክ ማማ ከ2007 ጀምሮ ብዙ ሺህ ሰው ኖሮበት ከ2014 ጀምሮ እንዲለቀቅ ተደረገ። ሦስት ከተማ፣ ሦስት ቋንቋ፣ አንድ ዓይነት ሕንፃ።

ከ2020ው የኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ደግሞ ሳንድተን ራሷ ባዶ ፎቅ በዝቶባታል፤ አንዳንዱም ወደ አፓርታማ እየተለወጠ ነው። መሀል ከተማውን ባዶ ያስቀረችው ሳንድተን በተራዋ ተረኛ ሆነች። ቢሮ እንደ ገበያው የሚመጣና የሚሄድ ነገር መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

እኛስ? በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ብዙ ሰው የቤት ባለቤት አድርጓል፤ ግን ብዙዎቹ ቤቶች ከመሀል ከተማው ርቀው፣ በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቂሊንጦና በኮዬ ፈጬ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና ከአካባቢው የተነሱ ነዋሪዎችም ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። ውሏቸው አራዳ፣ አዳራቸው ዳር የሆነ ሰዎች ገና ሳይነጋ የታክሲና የአውቶቡስ ሰልፍ ይይዛሉ። በዚያው መንገድ ዳር ደግሞ በመስታወት የተለበጡ፣ ከሦስተኛው ፎቅ በላይ «ለቢሮ የሚከራይ» የሚል ጨርቅ ያንጠለጠሉ ሕንፃዎች አሉ። ባንኮቻችንና መሥሪያ ቤቶቻችን ወደ ራሳቸው ማማ እየገቡ ነው፤ የሚለቁት ፎቅ ነገ የማን ይሆናል?

አሁን በንድፍ ደረጃ ባሉት ሕንፃዎች ላይ ብዙ ማድረግ ይቻላል። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ቢሮ ነው ብሎ በሚያጸድቀው ዲዛይን ላይ ሁለተኛ ደረጃ፣ የሚከፈት መስኮት፣ በየምሰሶው አቅራቢያ የቧንቧ መውረጃ ቢጠይቅ፣ ወጪው ዛሬ ጥቂት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ሕንፃውን የሚያድን ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አሮጌ ሕንፃውን ሲለቅ ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት ለማደሪያ ይሆናልን ተብሎ ይመርመር፤ ከሆነም የሚያስተዳድረው፣ ኪራዩን ለጥገና የሚያውል ተቋም አስቀድሞ ይኑረው። ኪራዩ ሲወሰን ደግሞ የደመወዝ ወረቀት የሌላት ጉሊት ቸርቻሪ ትታሰብ። ጆሃንስበርግ ይህን ሁሉ ያወቀችው በፍርድ ቤት ክርክርና በአስከሬን ቆጠራ ነው። እኛ ገና በጠረጴዛ ላይ ሳለን ማወቅ እንችላለን፤ የዲዛይን ወረቀቶቹ በዚህ ሳምንትም ለማጽደቅ እየቀረቡ ናቸው።